የትንሽ ኮሌጅ ተማሪዎች አኗኗር፦ ከሁለት የመሐንዲሶች ትምህርት ቤቶች የምናገኘው ትምህርት

የመሐንዲስነት ትምህርት ከባድ መሆኑን የማያውቅ ተማሪ የለም። ስለ ትምህርቱ ክብደት ብዙ ይወራል፤ ተማሪዎች ያንን ሸክም በምን ዐይነት አኗኗር እንደሚችሉት ግን ሲነገር የምንሰማው ጥቂት ነው። ካልኩለስና ቴርሞዳይናሚክስ የሚጠናው በመማሪያ ክፍል ብቻ አይደለም፤ በመኝታ ቤት፣ በምግብ አዳራሽ፣ በሌሊት ጥናት፣ በጨዋታና በክርክርም ጭምር ነው። ስለዚህ በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጥያቄ ይህ ነው፤ በአንድ ትንሽ የመሐንዲሶች ኮሌጅ ውስጥ የተማሪዎችን ማኅበራዊ ኑሮ የሚያቆመው ምንድን ነው? የሚያፈርሰውስ?

ለምሳሌ የመረጥናቸው ሁለት ኮሌጆች በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ግዛት ይገኛሉ። አንደኛው በፓሳዴና ከተማ ያለው የካሊፎርኒያ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው፤ ባጭሩ ካልቴክ ይሉታል። በ1891 ተመሥርቶ የዛሬ ስሙን ያገኘው በ1920 ነው። ሁለተኛው ከዚያ ወደ ምሥራቅ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በክሌርሞንት ከተማ የሚገኘው ሃርቪ መድ ኮሌጅ ነው። ስሙን ያገኘው ሃርቪ መድ ከተባለ የማዕድን መሐንዲስ ሲሆን፣ ኮሌጁ በ1955 ተመሥርቶ በ1957 በ48 ተማሪዎችና በ7 አስተማሪዎች ሥራ ጀመረ። (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ዛሬ በካልቴክ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚማሩት አንድ ሺህ ያህል፣ በሃርቪ መድ ደግሞ ዘጠኝ መቶ ያህል ናቸው። በአገራችን ካሉት ትላልቅ ዩኒቨርሲቲዎች ጋር ሲተያዩ እፍኝ ተማሪዎች ናቸው ማለት ይቻላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት አንድ ቀላል የሒሳብ ነገር እናስታውስ። ትምህርቱ አራት ዓመት በሚፈጅበት ኮሌጅ በየዓመቱ ከተማሪዎቹ ሩቡ ይወጣል፤ ሩቡ አዲስ ይገባል። እንግዲህ በአራት ዓመት ውስጥ ተማሪው ሁሉ ተለውጦ ያልቃል ማለት ነው። ሕንፃው ይቀራል፤ አስተማሪውም ይቀራል፤ የተማሪዎቹ ልማድ ግን ከሚወጣው ወደሚገባው በአፍና በምሳሌ ካልተላለፈ በአራት ዓመት ውስጥ ይጠፋል። ክፉ ልማድም ቢሆን እንዲሁ ነው፤ አራት ዓመት ዝም ከተባለ «ድሮም እንዲህ ነበር» ይባልና ሥር ይሰዳል፤ የሚገቡት ሁሉ ሌላ አላዩምና። ከዚህ በታች የምንለው ሁሉ በዚህ ሒሳብ ላይ የቆመ ነው።

1. ያለ ጠባቂ የሚደረግ ፈተና

በሁለቱም ኮሌጆች ከሁሉ አስቀድሞ የሚነገረው የክብር ደንባቸው ነው። የካልቴክ ደንብ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚያልቅ ነው፤ ይኸውም የኮሌጁ አባል የሆነ ማንም ሰው በሌላው አባል ላይ ያለ አግባብ ብልጫ ሊያገኝ አይገባውም የሚል ነው። ዝርዝር የለውም፤ የቅጣት ሰንጠረዥም አያስከትልም። ነገር ግን ከዚህ ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ብዙ ነገር ይወጣል።

አስተማሪው የፈተናውን ወረቀት ይሰጣል፤ ተማሪው ወደ ክፍሉ ይዞት ይሄዳል። በተወሰነው የመመለሻ ቀን ውስጥ የሚመቸውን ሰዓት ራሱ ይመርጣል፤ እኩለ ሌሊት ሊሆን ይችላል። ወረቀቱ ላይ «ሦስት ሰዓት፤ መጽሐፍ መመልከት አይፈቀድም» ተብሎ ከተጻፈ መጽሐፉ እፊቱ ጠረጴዛው ላይ ተከድኖ ተቀምጦ፣ ሰዓቱን ራሱ ቆጥሮ፣ ሦስቱ ሰዓት ሲያልቅ እርሳሱን ያስቀምጣል። በመካከሉ የሚዘዋወር ፈታኝ የለም፤ ጠባቂው ኅሊናው ብቻ ነው።

ደንቡን የጣሰ ሲገኝ ጉዳዩን መጀመሪያ የሚመረምሩት ተማሪዎች ናቸው። በካልቴክ ለዚህ የተቋቋመ ከተማሪዎች የተውጣጣ ቦርድ አለ። በሃርቪ መድም እንደዚሁ የተማሪዎች የዳኝነት ቦርድ አለ፤ በዚያ ደግሞ አንድ የሚደነቅ ሥርዓት እናገኛለን። ጓደኛው ሲያጭበረብር ያየ ተማሪ በቀጥታ ወደ ዳኞቹ አይሮጥም፤ መጀመሪያ ወደ ጓደኛው ሄዶ «ይህን አይቻለሁ፤ ራስህ ሄደህ ተናገር» ይለዋል። እንቢ ካለ ብቻ እርሱ ያመለክታል።

እዚህ ላይ ነገሩ ከባድ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባም። ጓደኛን ፊት ለፊት እንዲህ ማለት ለማንም ቀላል አይደለም። በብዙዎቻችን ዘንድ የጓደኛን ጥፋት መሸፈን እንደ ወንድምነት፣ መናገር ደግሞ እንደ ጆሮ ጠቢነት ይቈጠራል። የክብር ደንብ የሚጠይቀው ግን ሦስተኛ መንገድ ነው፤ አለመሸፈን፣ ነገር ግን ከኋላ አለመውጋት። ይህ የሚቻለውም ሰዎቹ ሲተዋወቁ ነው። ዘጠኝ መቶ ሰዎች በአንድ አዳራሽ ሲመገቡ ያጭበረበረው ሰው «አንድ የማይታወቅ ተማሪ» አይደለም፤ ትናንት ጨው ያቀበለን ልጅ ነው። መተዋወቁ ማጭበርበርን ያሳፍራል፤ መውቀስንም ሰብአዊ ያደርጋል።

ደንቡ ለተማሪው የሚከፍለው ዋጋም አለ። የታመነ ተማሪ ቤተ ሙከራውንና የእጅ ሥራ መሣሪያዎቹን እንደ ባለቤት ይይዛል፤ ሌሊትም የሚሠራበት ቦታ አያጣም። እምነት እንግዲህ የሥነ ምግባር ጌጥ ብቻ ሳይሆን ጊዜና መሣሪያ የሚያተርፍ የሥራ ዘዴ ነው። በዘመናችን ጥያቄ ሲቀርብለት መልሱን በደቂቃ ጽፎ የሚሰጥ ኮምፒዩተር በየተማሪው እጅ ስለገባ፣ ይህ ዘዴ ከቀድሞው ይልቅ ብርቱ ፈተና ላይ ወድቋል። ይሁን እንጂ ዛሬም የሚጠብቀው ያው የድሮው ጠባቂ ነው።

2. የቤት ሥራ እንደ ደቦ

በእነዚህ ኮሌጆች በየሳምንቱ የሚሰጠው የሒሳብና የፊዚክስ የቤት ሥራ አንድ ሰው ብቻውን ተቀምጦ በቀላሉ የሚጨርሰው አይደለም። ስለዚህ በአብዛኛው ኮርስ ተማሪዎች ተሰብስበው እንዲወያዩ ይፈቀዳል፤ እንዲያውም ይመከራል። ወሰኑ ግን ግልጽ ነው፤ መንገዱን አብሮ መፈለግ ይቻላል፤ መልሱን መጻፍ ያለበት ግን እያንዳንዱ ራሱ በገባው መጠን ነው። የሌላውን ወረቀት እያዩ መገልበጥ ደንቡን መጣስ ይሆናል።

እኛ ይህን ዐይነቱን ሥራ ከጥንት ጀምሮ እናውቀዋለን፤ ደቦ እንለዋለን። ገበሬው ለደቦ ሲጠራ የሚመጣው ሰው ማሳውን ያርሳል፤ ይሁን እንጂ የማሳው ባለቤት ተኝቶ አይውልም። ነገ ደግሞ እርሱ ወደ ሌላው ማሳ ይሄዳል። ደቦው የሚፈርሰው አንዱ ሁልጊዜ ጠሪ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተጠሪ የሆነ እንደሆነ ነው። የጥናት ቡድንም እንዲሁ ነው፤ አንዱ ብቻ እያሰበ ሌሎቹ የሚገለብጡበት ቡድን ደቦ ሳይሆን ብዝበዛ ነው።

በሃርቪ መድ ይህ አብሮ መሥራት እስከ መጨረሻው ዓመት ይዘልቃል። ከ1963 ጀምሮ «ክሊኒክ» የተባለ ፕሮግራም አላቸው። ሐኪም የሚሆን ተማሪ በሽተኛ እያየ እንደሚማር ሁሉ፣ መሐንዲስ የሚሆነውም እውነተኛ ችግር እያየ ይማር በሚል አሳብ የተፈጠረ ነው። አንድ ኩባንያ ወይም ሌላ ድርጅት ያልተፈታ ችግሩን ይዞ ይመጣል፤ ለሥራውም ይከፍላል። አራት ወይም አምስት የሚሆኑ ተማሪዎች ከመካከላቸው መሪ ይዘው አንድ የትምህርት ዓመት ሙሉ ይሠሩበታል፤ አስተማሪው አማካሪ ነው እንጂ አለቃ አይደለም። በዓመቱ መጨረሻ ውጤቱን ለችግሩ ባለቤት ያስረክባሉ። በመጀመሪያው ዓመት በመኝታ ቤት ወለል ላይ የተለመደው ደቦ በመጨረሻው ዓመት ሙያ ሆኖ ይወጣል ማለት ነው።

3. ቤቶቹና ጨዋታው

በካልቴክ መኖሪያዎቹ «ቤቶች» ይባላሉ። ብላከር፣ ዳብኒ፣ ፍሌሚንግና ሪኬትስ የተባሉት አራቱ በ1931፣ ሎይድ፣ ፔጅና ረዶክ የተባሉት ሦስቱ ደግሞ በ1960 የተሠሩ ናቸው። እያንዳንዱ ቤት የራሱ ሹማምንት፣ የራሱ ልማድና የራሱ ቀልድ አለው። አዲስ የገባ ተማሪ አንድ ሺህ ሰው መሐል አይጣልም፤ አንድ መቶ ያህል ሰው ባለበት ቤት ውስጥ ይገባል፤ ታላላቆቹም ይዘውት ይቀመጣሉ።

በየዓመቱ የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ቀኑን በምስጢር ወስነው ግቢውን ለቀው የሚሄዱበት አንድ ቀን አለ። በዚያ ቀን ትምህርት የለም። የሚሄዱት ግን ባዶ አይተዉም፤ ለታናናሾቻቸው ብዙ ጊዜ የለፉበትን የእንቆቅልሽ ሰንሰለት ትተው ይሄዳሉ። ሰንሰለቱ ሒሳብ አለበት፤ ኤሌክትሪክ አለበት፤ ሩጫና ሳቅም አለበት። ልብ በሉ፤ ይህ በመግቢያችን ላነሳነው የአራት ዓመት ሒሳብ አንዱ መልስ ነው። የሚወጡት የሚቀሩትን በጨዋታ ያወርሷቸዋል።

ስለ ጨዋታ ካነሳን የ1961ዱን ታሪክ ማለፍ አይቻልም። በዚያ ዓመት ጥር 2 ቀን በፓሳዴና የሮዝ ቦል ስታዲየም የዋሽንግተንና የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲዎች ቡድኖች የአሜሪካ ፉትቦል ይጫወቱ ነበር፤ ጨዋታው በቴሌቪዥን ለአገሩ ሁሉ ይተላለፋል። የዋሽንግተን ደጋፊዎች በዕረፍቱ ጊዜ ባለ ቀለም ካርቶን በአንድነት አንሥተው ሥዕልና ጽሑፍ ሊያሳዩ ተዘጋጅተው ነበር፤ እያንዳንዱ ሰው የትኛውን ካርቶን መቼ እንደሚያነሣ የሚነግረው የመመሪያ ወረቀት ተዘጋጅቶለታል። ዐሥራ አራት የካልቴክ ተማሪዎች አንዱን ወረቀት በዘዴ አገኙ፤ በ2,232 ቅጂ አባዙት፤ እያንዳንዱን ቅጂ በእጅ አርመው በዋናው ፈንታ ተኩት። በዕረፍቱ ጊዜ ደጋፊዎቹ ሳያውቁት የራሳቸውን ስም ተገልብጦ፣ ቀጥሎም «ካልቴክ» የሚለውን ስም በትልልቅ ፊደል አሳዩ። ማንም አልተጎዳም፤ ምንም ዕቃ አልተሰበረም። ይህን መጽሔት በማባዣ መሣሪያ የሚያዘጋጁ ጓደኞቻችን 2,232 ቅጂ በእጅ ማረም ምን ማለት እንደሆነ ከማንም በላይ ያውቁታል።

ሃርቪ መዶችም በ1986 መልሱን ሰጥተዋል። በፍሌሚንግ ቤት ደጃፍ 1.7 ቶን ያህል የሚመዝን አሮጌ መድፍ አለ። የሃርቪ መድ ተማሪዎች የጥገና ሠራተኛ መስለው፣ የሥራ ማዘዣ የሚመስል ወረቀት ይዘው ገቡና መድፉን ጭነው ወደ ክሌርሞንት ወሰዱት፤ በኋላም መለሱት። በ2006 ደግሞ የማሳቹሴትስ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ተማሪዎች የዕቃ ማጓጓዣ ኩባንያ መስለው ያንኑ መድፍ አገር አቋርጠው ወሰዱት።

እነዚህን የምናወራው ለሳቅ ብቻ አይደለም። በዚህ ሥራ ውስጥ እቅድ አለ፤ የክብደት ስሌት አለ፤ የሥራ ክፍፍል አለ፤ ምስጢር መጠበቅም አለ። ከሁሉ በላይ ወሰን አለ፤ ቀልዱ የሚመሰገነው የተቀለደበት ሰው ራሱ በኋላ ሊስቅበት የሚችል ሲሆን ነው። አዲስ ተማሪን ማዋረድ ግን ምንም ብልሃት የማይጠይቅ ስለሆነ ከዚህ ዐይነቱ ጨዋታ ሊቈጠር አይገባውም።

4. ሸክሙ ሲበዛ

እስካሁን የተናገርነው መልካሙን ነው። አሁን ሌላውን ገጽ እንመልከት።

አብሮ መከራ መቀበል ሰውን ያቀራርባል፤ ነገር ግን መከራው ራሱ መኵራሪያ የሆነ እንደሆነ ነገሩ ይበላሻል። «እኔ ሁለት ሌሊት አልተኛሁም» ሲል ሌላው «እኔ ሦስት» ይላል። እንቅልፍ ማጣት እንደ ጀብዱ ይቈጠራል፤ የተኛው ሰነፍ ይባላል። የደከመው ተማሪም ድካሙን መናገር ያፍራል፤ ሁሉም የቻሉ ይመስለዋልና። በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ ይህ የበለጠ ይከብዳል። በትልቅ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ክበብ ያልተስማማው ሌላ ይፈልጋል፤ በትንሹ ግን ሌላ ክበብ የለም።

በሃርቪ መድ ይህ ነገር በ2017 ገንፍሎ ወጣ። ስለ ትምህርቱ ጭነት ከውጭ በመጡ ባለሙያዎች የተጠና አንድ ሪፖርት በተማሪዎች እጅ ገባ፤ በውስጡም አንዳንድ አስተማሪዎች የተማሪዎቹን ችሎታ ዝቅ አድርገው የተናገሩት ቃል ነበረበት። በዚያው የትምህርት ዓመት በተማሪዎች ሞት ምክንያት ግቢው ሐዘን ላይ ነበር። ተማሪዎቹ ሰልፍ ወጡ፤ ጭነቱ እንዲቀነስ፣ ለአእምሮ ጤና የሚሰጠውም እርዳታ እንዲጨመር ጠየቁ። ኮሌጁ በሚያዝያ ወር ለሁለት ቀን ትምህርት አቋርጦ ማኅበረሰቡ እንዲያርፍና እንዲነጋገር አደረገ። ከዚያም በኋላ ተማሪ ሁሉ በጋራ የሚወስደው መሠረታዊ ትምህርት እንደገና ተመርምሮ ተሻሻለ።

ከዚህ የምንማረው አንድ ነገር አለ። የክብር ደንቡ፣ ደቦውና ጨዋታው ሁሉ ሸክም ለመቻል የተሠሩ ናቸው፤ መሸከሚያው መልካም ስለሆነ ግን ማንኛውንም ክብደት መጫን ይቻላል ማለት አይደለም። ድልድይ ሲሠራ የሚችለው ክብደት ይሰላል፤ የደኅንነት መጠባበቂያም ይጨመርበታል። ለድልድይ ይህን የሚያስብ መሐንዲስ ለጓደኛው ሲሆን ስሌቱን መርሳት የለበትም።

5. በመካከላችን ጥቂት የሆኑት

ትንሽ ማኅበር ለገባበት ሞቅ ያለ ቤት ነው፤ ላልገባበት ግን ግድግዳ ነው። ካልቴክ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሴቶችን መቀበል የጀመረው በ1970 ነው። ከዚያ በፊት ያ ሁሉ የቤት ፍቅርና ያ ሁሉ ጨዋታ የወንዶች ብቻ ነበር። በሩ ከተከፈተ በኋላም ቢሆን፣ ልማዱ በሙሉ በሌሎች ልክ ተሰፍቶ የቆየ ልብስ ሲሆን፣ አዲስ የሚገባው ሰው ልብሱ አልሆን ሲለው ጥፋቱ የራሱ ይመስለዋል።

በሃርቪ መድ የኮምፒዩተር ሳይንስን ዋና ትምህርታቸው የሚያደርጉት ሴቶች በ2000ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ከመቶ ዐሥር ያህል ብቻ ነበሩ። በ2006 ማሪያ ክላዌ የኮሌጁ የመጀመሪያዋ ሴት ፕሬዚዳንት ሆኑ፤ በዚያው ዘመን አስተማሪዎቹ የመግቢያውን ኮርስ እንደገና አዋቀሩት። ከዚህ በፊት ፕሮግራም የጻፉትንና ምንም የማያውቁትን በተለያየ ክፍል አስቀመጧቸው፤ ቋንቋውን ወደ ቀለለው ወደ ፓይተን ለወጡት፤ ፕሮግራም መጻፍ በሌላው ሳይንስ ምን ችግር እንደሚፈታ ከመጀመሪያው ያሳዩ ጀመር። ደግሞም በክፍል ውስጥ ዕውቀቱን ለማሳየት እየተነሣ ሌላውን የሚያስፈራ ተማሪ ሲኖር አስተማሪው ለብቻው ጠርቶ «ከእኔ ጋር በቢሮዬ እንነጋገር፤ በክፍል ግን ለሌሎቹ ቦታ ልቀቅ» ይለው ነበር። በጥቂት ዓመት ውስጥ የሴቶቹ ቍጥር ከመቶ አርባ ያህል ደረሰ። በ2014ም በኤንጂነሪንግ ከተመረቁት ከግማሽ በላይ ሴቶች ሆኑ፤ ይህ በኮሌጁ ታሪክ የመጀመሪያው ነበር።

የትምህርቱ ደረጃ ዝቅ አላለም፤ የተለወጠው የክፍሉ ጠባይ ነው። አባቶቻችን «ሙያ በልብ ነው» ይላሉ። ዕውቀቱን በጩኸት የሚያሳይ ሰው ሳያውቀው ከኋላው የተቀመጡትን ዐሥር ሰዎች ዝም ያሰኛል፤ ከእነዚያ ከዐሥሩ መካከል ደግሞ ከእርሱ የሚበልጥ ሊኖር ይችላል።

6. ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል?

አንድ አንባቢ «እኛ የምንኖረው በትልቅ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ነው፤ የአንድ ሺህ ሰው ኮሌጅ ወሬ ምን ያደርግልናል?» ሊለን ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው። መልሳችን ግን እንዲህ ነው፤ ሃርቪ መድ ሲጀመር የነበሩት 48 ተማሪዎች ናቸው። ይህ ቍጥር ከእኛ የአንዱ ዲፓርትመንት የአንድ ዓመት ክፍል ነው። ከእኛ እያንዳንዱ ክፍል እንግዲህ የራሱ በር ባይኖረውም አንድ ትንሽ ኮሌጅ ሊሆን ይችላል።

የፈተናውን ሥርዓት የሚወስነው ዩኒቨርሲቲው ነው፤ እኛ በአንድ ቀን ፈታኙን ከአዳራሹ ልናስወጣ አንችልም፤ ልናስወጣም አንጠይቅም። ዳሩ ግን አርባና አምሳ የምንሆን ጓደኞች በመካከላችን «እኛ አንኮርጅም፤ ያየነውንም አንሸፍንም» ብለን ቃል ብንገባ የሚከለክለን የለም። የጥናት ደቦ ብናቋቁም፣ ተራ ጠሪና ተራ ተጠሪ ብንሆን፣ ፈቃድ የሚያስፈልገን የለም። የደከመውን «ለምን ደከምህ?» ሳይሆን «ምን ልያዝልህ?» ብንለው ገንዘብ አያስወጣንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነውና።

ደግሞም የአራት ዓመቱን ሒሳብ አንርሳ። ዛሬ አንደኛ ዓመት ያለው ተማሪ የሚያየውን ነገር ሁሉ «ድሮም እንዲህ ነበር» ብሎ ይቀበላል። የእርሱ «ድሮ» እኛ ነን። መኮረጅን ከኛ ካየ መኮረጅ ልማድ ይሆናል፤ መረዳዳትን ከኛ ካየ እርሱም ለሚመጣው ያወርሳል።

የማኅበራችን የጥናት ክበቦች በሚቀጥለው ስብሰባቸው እንዲወያዩባቸው የሚከተሉትን ጥያቄዎች እናቀርባለን።

ሀ/ ጓደኛችን በፈተና ሲያጭበረብር ብናይ፣ ከመሸፈንና ከማሳጣት ሌላ ምን ማድረግ እንችላለን? መጀመሪያ የምንለውስ ቃል ምን መሆን አለበት?

ለ/ በጥናት ቡድናችን ውስጥ ሁልጊዜ የሚያስረዳው ማን ነው? ሁልጊዜ የሚገለብጠውስ? ይህን ለማስተካከል ምን ይደረግ?

ሐ/ በክፍላችን ውስጥ በዚህ ዓመት አንድ ጊዜ እንኳ ድምፃቸው ያልተሰማ ተማሪዎች እነማን ናቸው? ዝም ያሰኛቸውስ ምንድን ነው?

መ/ ለሚቀጥለው ዓመት አዲስ ገቢዎች የምናወርሳቸው አንድ መልካም ልማድ የትኛው ነው? ከእኛ ጋር እንዲቀበር የምንፈልገውስ የትኛው?